ውሻ በግቢ ስትወልድ፦ የሌሊቱን ሥራ በቀን ማሰናዳት

በባሕር ዳር ግቢዎች ውሻ ብዙ ጊዜ የምትወልደው ማንም ሳያያት ነው። ከማገዶ ክምር ሥር፣ ከዕቃ ቤቱ ጥግ ወይም ከአሮጌ ቆርቆሮ ጀርባ ትገባለች፤ ቤተሰቡ መውለዷን የሚያውቀው ጠዋት የቡችሎችን ድምፅ ሲሰማ ነው። «ውሻ በራሷ ትወልዳለች፤ ምን ርዳታ ያስፈልጋታል?» የሚለው አባባል ከዚህ ልምድ የመጣ ነው፤ በአብዛኛውም እውነት ነው። ጤነኛ ውሻ ሽፋኑን ቀዳ፣ እትብቱን በጥርሷ ቆርጣ፣ ቡችላውን ልሳና የእንግዴ ልጁን በልታ ሥራዋን ራሷ ትጨርሳለች። ነገር ግን አንድ ቡችላ ተጣሞ መውጫውን ሲዘጋ ወይም ማሕፀኗ ደክሞ መግፋት ሲያቆም፣ እርሷንም በሆዷ ያሉትንም የሚያተርፋቸው በጊዜ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነው። ምጥ ደግሞ ቀንና ሌሊት አይመርጥም፤ ሌሊት መድኃኒት ቤት ዝግ ነው፣ ባጃጅ እንደ ልብ አይገኝም፣ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። በዚያ ሰዓት መወሰን የሚኖርበትን ነገር ሁሉ አስቀድሞ በቀን መወሰን የረዳቱ ትልቁ ሥራ ነው።

ይህን የተማርኩት በጉዳት ነው። ሽምብጥ በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር በነበርንበት ጊዜ በቀለሟ ዳማ የምንላት ውሻችን በክረምት ሌሊት ሦስት ቡችሎች በተከታታይ ከወለደች በኋላ ማማጧን ሳታቆም የሚወጣ ነገር ጠፋ። ወንድሜ «ገና ግማሽ ሰዓቷ ነው» አለ፤ እናቴ «ከራት ጀምሮ ነው እንጂ» አለች፤ የመጨረሻው ቡችላ የተወለደበትን ሰዓት ያየ ሰው አልነበረም። እስኪነጋ ጠብቀን ሐኪም ዘንድ ስናደርሳት በሆዷ የቀሩት ሁለቱ ሞተው ነበር፤ እርሷ በሕይወት ተረፈች። በሁለተኛው ወሊዷ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ አጠገብ እርሳስ በክር አሰርን። የእያንዳንዱ ቡችላ መወለጃ ሰዓት ከቀኑ ሥር ተጻፈ፤ ስለ ሰዓት የተከራከረም አልነበረም።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ቀን በመቁጠር ነው። የውሻ እርግዝና እንቁላሏ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር 63 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በእኛ አቆጣጠር ሁለት ወር ከሦስት ቀን ስለሆነ ለማስታወስ አይከብድም። ይሁን እንጂ ስሪያና ጽንስ በአንድ ቀን አይውሉም። የወንዱ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ ለብዙ ቀናት ሕያው ሆኖ ሊቆይ ስለሚችልና እንቁላሉም ከወጣ በኋላ ለመብሰል ሁለት ሦስት ቀን ስለሚወስድ፣ ከስሪያው ቀን ከተቆጠረ መውለጃዋ ከ57ኛው እስከ 72ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ጥቅምት 5 ከወንድ ጋር የተገናኘች ውሻ በአማካይ ታኅሣሥ 8 ትወልዳለች ቢባልም፣ ከታኅሣሥ 2 ጀምሮ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ መገኘት አለበት። ጳጉሜን በመካከል የሚገባ ከሆነ አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን መርሳት አይገባም፤ ጳጉሜን አምስት ቀን በሚሆንበት ዓመት ሐምሌ 20 የተገናኘች ውሻ ቀኗ የሚሞላው መስከረም 18 እንጂ መስከረም 23 አይደለም። የተገናኘችበት ቀን ጨርሶ የማይታወቅ ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ሆዷን ዳስሶ ወይም በአልትራሳውንድ አይቶ ሊገምት ይችላል። የራጅ መሣሪያ በሚገኝበት ቦታ ከ55ኛው ቀን በኋላ የሚነሣ ራጅ የቡችሎቹን ቁጥር ያሳያል። ቁጥሩን ማወቅ ወልዳ መጨረሷን ለመለየት ስለሚረዳ ዕድሉ ካለ ባይታለፍ ጥሩ ነው።

ስለ ምግቧ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የውሻ እርግዝና ደግሞ 63 ቀን ነው። በጾሙ መግቢያ የጸነሰች ውሻ የቤቱን ትራፊ ብቻ የምትበላ ከሆነ እርግዝናዋን በሙሉ ከሞላ ጎደል በእንጀራና በሽሮ ታሳልፋለች ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ለጽንሶቹም ለወተቷም አይበቃም። እንቁላል፣ በደንብ የበሰለ ሳንባና ጉበት፣ ወይም ጣና ዳር እንደ ልብ ከሚገኘው ዓሣ ተቀቅሎና አጥንቱ ተለቅሞ የተረፈው ሥጋ ጉድለቱን ይሞላል። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ወጥ መስጠት አይገባም፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ሳምንታት ምግቧ ቀስ በቀስ ከወትሮው እስከ ግማሽ ያህል ሊጨመርላት፣ ሆዷ በጽንስ ስለሚጣበብም በትንሽ በትንሹ ሦስትና አራት ጊዜ ሊሰጣት ይገባል። የካልሲየም እንክብል ወይም መርፌ ግን በእርግዝና ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፈጽሞ አይሰጥም። ጥቅም መስሎ ቢታይም ሰውነቷ ከአጥንቷ ካልሲየም የማውጣት ችሎታውን ስለሚያዳክም፣ ከወለደች በኋላ ለሚመጣው አደገኛ የካልሲየም ማነስ ያጋልጣታል።

ቀጥሎ የመውለጃ ቦታዋ ይሰናዳል። ውሻ ቤት አይገባም በሚለው ልማድ የሚኖሩ ቤተሰቦች ልማዳቸውን መተው የለባቸውም፤ ከዕቃ ቤቱ ወይም ከማድቤቱ ተለይቶ የተሰጠ፣ ሰው የማይበዛበትና ነፋስ የማይመታው ጥግ ይበቃል። የቆርቆሮ ውሻ ቤት ግን ለወሊድ አይሆንም፤ በቀን ይግላል፣ በሌሊት ይበርዳል። ተዘርግታ የምትተኛበትና እንደ ልብ የምትዞርበት ስፋት ያለው የጣውላ ሳጥን፣ ቡችሎቹ እንዳይወጡ እርሷ ግን ተራምዳ እንድትገባ የተመጠነ ግድግዳ ያለው፣ ጥሩ ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ዙሪያ ከወለሉ አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ብሎ ዱላ ወይም ጣውላ ቢመታበት፣ እናቲቱ ወደ ግድግዳው ስትደገፍ ቡችላ ከሥሯ ታፍኖ እንዳይሞት መሸሸጊያ ይሆናል። ወለሉ ላይ ጋዜጣ፣ ከላዩ የታጠበ የጥጥ ጨርቅ ወይም ያረጀ ጋቢ ይነጠፍ። ክሩ የተተረተረ ማዳበሪያ የቡችላን እግር ይጠልፋል፤ ጭድም ቁንጫ ይደብቃል። ሳጥኑ ከመውለጃዋ ቢያንስ ከአንድ ሳምንት በፊት ተዘጋጅቶ እርሷ እዚያው መተኛት ካልለመደች፣ በምጧ ሌሊት ወደ ማገዶው ክምር ትመለሳለች።

በሐይቁ ዳር በክረምት ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። አንዱ እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑ በጡብ ወይም በድንጋይ ላይ ከመሬት ከፍ ማለት አለበት። ሌላው ገብረ ጉንዳን ነው፤ ዐይኑ ያልተገለጠና መሸሽ የማይችል ቡችላ ላይ ከወጣ በአንድ ሌሊት ይገድላል። ሳጥኑን እግር አውጥቶለት እያንዳንዱን እግር ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ማቆም ከማንኛውም ዱቄት የተሻለ መከላከያ ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካል በሳጥኑ ውስጥ መነስነስ ግን ቡችሎቹንም ይመርዛል።

ለምጡ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ሁሉም በአንድ ካርቶን ውስጥ መቀመጥ ግን አለበት። ዲጂታል የሙቀት መለኪያና ቫዝሊን፣ የላስቲክ ጓንት፣ ተቀቅሎ የደረቀ መቀስና ጠንካራ ክር፣ አዮዲን፣ የሕፃናት አፍንጫ መምጠጫ፣ አሥር ያህል ንጹሕ ጨርቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ሁለት የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቡችላ የሚመዘንበት የቅመም ሚዛን፣ እርሳስና ሰዓት። በዚያው ካርቶን ክዳን ላይ የሐኪሙና የባለ ባጃጁ ስልክ ቁጥር በጉልህ ይጻፍ። ሐኪሙን አስቀድሞ አግኝቶ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ሌሊት ስልክ ያነሣል? ውሻ አዋልዶ ያውቃል? ቀዶ ጥገና ቢያስፈልግ ራሱ ይሠራል ወይስ የት ይልካል? ብዙዎቹ የአካባቢያችን ሐኪሞች ውሏቸው ከከብትና ከበግ ጋር በመሆኑ ይህ ጥያቄ ነውር የለበትም፤ እነርሱም በቅንነት ይመልሳሉ።

ከ56ኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ሙቀቷን መለካት ምጡ መቃረቡን ያሳያል። የመለኪያው ጫፍ በቫዝሊን ተቀብቶ በፊንጢጣዋ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ይለካል። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ በመጨረሻው ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይልና፣ ከ37.5 በታች ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ምጥ ይጀምራል። ምክንያቱ እርግዝናውን ይዞ የቆየው ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን በድንገት መቀነሱ ነው። ሙቀቱ ወርዶ አንድ ሙሉ ቀን አልፎ ምጥ ካልመጣ ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ምጡ ራሱ በደረጃ የሚሄድ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የማሕፀኗ አፍ ይከፈታል፤ ከውጭ የሚታየው ግን አለመረጋጋቷ ብቻ ነው። ጨርቁን በእግሯ ትቧጭራለች፣ ታለከልካለች፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ምግብ እምቢ ትላለች፣ አንዳንዴም ታስመልሳለች። ይህ ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ በመጀመሪያ ወሊድ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የሰፈር ልጆች ተሰብስበው የሚያዩበት ጊዜ አይደለም፤ የምታምነው አንድ ሰው ብቻ በዝምታ አጠገቧ ይቀመጥ። ፍርሃት ምጥን ያቆማል።

ሁለተኛው ደረጃ የሆዷ ጡንቻ በግልጽ እየተኮማተረ መግፋት ስትጀምር ነው። ሰዓቱ የሚጻፈው እዚህ ላይ ነው። ሽርት ውሃ ይፈስሳል፤ ከዚያም ግራጫ ቀለም ያለው እንደ ከረጢት ያለ ነገር ብቅ ይላል፤ በውስጡ ቡችላው አለ። ከአሥር ቡችሎች አራት ያህሉ በጭራቸውና በኋላ እግራቸው በኩል ስለሚመጡ፣ እግር ቀድሞ ሲታይ መደንገጥ አይገባም፤ ለውሻ ይህ የተለመደ ነው። ቡችላው እንደወጣ እናቲቱ ሽፋኑን ቀዳ መላስ ትጀምራለች። አንድ ደቂቃ ያህል አልፎ ካልጀመረች ረዳቱ በጣቱ ሽፋኑን ከአፍንጫው ላይ ይቅደድ፣ አፉንና አፍንጫውን ይጥረግ፣ ራሱን ወደ ታች አዘንብሎ በጨርቅ ጀርባውንና ጎኑን ጠንከር አድርጎ ይሽ። ቡችላን በእጅ ይዞ ማወዛወዝ በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ቢሆንም አንጎሉን ሊያደማ ስለሚችል መተው አለበት። ዝም ያለ ቡችላ በአንድ ጊዜ ተስፋ አይቆረጥበትም፤ ማሸቱ እስከ 20 ደቂቃ ይቀጥል። ዳማ በሁለተኛው ወሊዷ አራተኛ የወለደችው ቡችላ በእጄ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። ምላሱ ነጭ ነበር። ከብዙ ማሸት በኋላ አገጩ አንዴ ተንቀሳቀሰ፣ ቆይቶ እንደገና ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያም ምላሱ ከሥሩ ጀምሮ ወደ ሮዝ ቀለም ሲለወጥ በባትሪ ብርሃን አየሁት።

እናቲቱ እትብቱን ካልቆረጠች ከቡችላው ሆድ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቆ በክር ይታሰራል፤ ከክሩ ወዲያ በመቀስ ይቆረጣል፣ ጫፉም አዮዲን ይነካል። እትብቱን መጎተት እንብርቱን ስለሚቀድ ክልክል ነው። የእንግዴ ልጁ ብዙውን ጊዜ ከየቡችላው በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይወጣል፤ አንዳንዴ ሁለት ቡችሎች ተከታትለው ሁለቱም የእንግዴ ልጆች በኋላ ይመጣሉ። አንድ ሁለቱን ብትበላ አይጎዳትም፤ ሁሉንም መብላት ግን ሆዷን ያበላሻል። ዋናው መቁጠር ነው፤ ከቡችሎቹ ቁጥር ካነሰ በውስጧ የቀረ ሊኖር ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገረው።

አሁን ሰዓት ለምን እንደሚጻፍ ግልጽ ይሆናል። በኃይል እየገፋች ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቡችላ ካልወጣ ስልክ ይደወል። ሆዷ ውስጥ ገና ቡችላ እንዳለ እየታወቀ ካለፈው ቡችላ ሁለት ሰዓት ካለፈ እንዲሁ ይደወል፤ እያረፈችና ልጆቿን እያጠባች በሰላም የምታሳልፈው ዕረፍት ብዙ ጊዜ ጤናማ ቢሆንም፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲረዝም ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ከቡችላ በኋላ ሲታይ የሚጠበቅ ነው፤ ከመጀመሪያው ቡችላ በፊት ታይቶ ቡችላው ወዲያው ካልተከተለ ግን የእንግዴ ልጁ ከማሕፀኑ ተላቋል፣ ጽንሱም አየር እያጣ ነው ማለት ስለሆነ አንድ ደቂቃ የሚጠበቅበት አይደለም። ብዙ ትኩስ ደም፣ ራስን መሳትና ግማሹ ወጥቶ የተያዘ ቡችላም እንደዚሁ ናቸው። ለተያዘው ቡችላ ሐኪም እስኪደረስ በንጹሕ ጨርቅ ሰውነቱን ሰፋ አድርጎ ይዞ፣ እርሷ ስትገፋ ብቻ፣ ወደ ኋላ እግሮቿ አቅጣጫ ወደ ታች በቀስታ መርዳት ይቻላል፤ በአንድ እግሩ ወይም በራሱ ብቻ መጎተት አይቻልም።

ስለ ማማጫ መርፌ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ኦክሲቶሲን ማሕፀንን የሚያኮማትር መድኃኒት ነው። ቡችላ ተጣሞ መንገዱ ከተዘጋ ማሕፀኑ የሚገፋው ዝግ በር ላይ ነው፤ ሊቀደድም ይችላል። መውጫው ክፍት መሆኑን ሐኪም ሳያረጋግጥ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ የሚወጋ ሰው፣ በቅን ልቦናም ቢሆን፣ ውሻዋን ሊገድላት ይችላል።

የተወለደ ቡችላ የመጀመሪያ ጠላቱ ብርድ ነው፤ ሙቀቱን ራሱ መጠበቅ አይችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚተኛበት ቦታ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ መሆን ሲገባው፣ የባሕር ዳር የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ከዚህ በጣም ይርቃል። የሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ በሳጥኑ አንድ ጎን ይቀመጥ፤ ሌላው ጎን ባዶ ከሆነ የሞቀው ቡችላ ሊሸሽ ይችላል። ኃይል ቆጣቢ አምፖል ብርሃን እንጂ ሙቀት አይሰጥም። ከሁሉ የሚከፋው ከሰል ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ቤት ውስጥ የተቀመጠ የከሰል ምድጃ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ እናቲቱንም ቡችሎቹንም አብሯቸው የሚያድረውንም ሰው ይገድላል።

ከሙቀት ቀጥሎ እንገር ነው። ቡችላ ከእናቱ በሽታ የመከላከል አቅም የሚያገኘው በዋናነት ከእንገሩ ሲሆን፣ አንጀቱ ያንን የሚቀበለው በመጀመሪያው ቀን፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ነው። ደካማው ከጡት እየተገፋ እንዳይቀር ወተት ወደሚበዛባቸው የኋላ ጡቶች ማስጠጋት ይገባል። የቀዘቀዘ ቡችላ ግን ከመሞቁ በፊት ወተት አይሰጠውም፤ ሆዱ መፍጨት አይችልም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘኑ፦ በመጀመሪያው ቀን ትንሽ መቀነስ ያለ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያልጨመረ ቡችላ ከመዳከሙ በፊት በሚዛን ይታወቃል። በሰባት እስከ አሥር ቀን ውስጥ ክብደታቸው እጥፍ ይሆናል። የላም ወተት ከውሻ ወተት በፕሮቲንም በቅባትም በጣም የቀጠነ ነው። ሌላ አማራጭ ከጠፋ የፈላና ለብ ያለ ወተት በእንቁላል አስኳልና በጥቂት ዘይት አጎልብቶ ለአንድ ሁለት ቀን መጠቀም ይቻላል። ቡችላው በሆዱ እንደተኛ ይጠጣ፤ እንደ ሕፃን በጀርባው ከታቀፈ ወተቱ ሳንባው ይገባል።

እናቲቱ በምታጠባበት ጊዜ ከወትሮው ሁለትና ሦስት እጥፍ ትበላለች፤ ውሃም ከአጠገቧ አይጥፋ። ሽታ የሌለው ቡናማ ቀላ ያለ ፈሳሽ ለሳምንታት ቢታይ ጤናማ ነው። ቢገማ፣ ሙቀቷ ከ39.5 ቢያልፍ ወይም አንድ ጡት ቢጠጥርና ቢግል ሐኪም ይያት። በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ፣ በተለይ ትንሽ ዘር ሆና ብዙ ከወለደች፣ መንቀጥቀጥ፣ እግሯን ገትራ መራመድና ያለ ሙቀት ማለክለክ ከታየባት የደሟ ካልሲየም ወርዷል ማለት ነው። ቡችሎቹን ወዲያው ከጡቷ ለይቶ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ማድረስ ያስፈልጋል፤ ሳይዘገይ በሐኪም እጅ በደም ሥር የሚሰጥ ካልሲየም ያድናታል።

ረዳቱም ራሱን መጠበቅ አለበት። እጅግ ታማኝ ውሻም በምጥ ላይ ልትነክስ ትችላለች፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል። ውሻዋ ክትባቱን ከእርግዝና በፊት ብትወስድ ይመረጣል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ቡችሎቹ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ዐይናቸውን ይገልጣሉ። ወስፋት ከእናታቸው ገና በማሕፀን ሳሉ ስለሚተላለፍባቸው የመጀመሪያው የወስፋት መድኃኒት በሁለተኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ከዚያም እስከ ስምንተኛው ሳምንት በየሁለት ሳምንቱ ይደገማል፣ እናቲቱም አብራቸው ትወስዳለች። ይህ ወስፋት ወደ ሕፃናትም ስለሚተላለፍ ከቡችሎቹ ጋር የሚጫወቱ ልጆች እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ማድረግ የመድኃኒቱን ያህል ይጠቅማል። ጎረቤት ቡችላ ቢጠይቅ ከስምንት ሳምንት በፊት አይሰጠው፤ ሲሰጠውም ወስፋት መድኃኒት የወሰደበት ቀንና የእብድ ውሻ ክትባት የሚደርስበት የሦስተኛው ወር ቀን በወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሰጠው።